ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት የሚያልቀው ምርጫ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ምርጫ ነው። የምንነጋገረው ግን ካርዳችንን ይዘን፣ ተሰልፈን ድምፅ ስለምንሰጥበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ ቀን ወራት ቀደም ብሎ ፓርቲዎች «በዚህ የምርጫ ክልል የሚወዳደርልን እገሌ ነው፣ እገሊት ናት» ብለው ስም ስለሚያስመዘግቡበት ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ የፓርቲዎች የውስጥ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ብዙዎቻችን አንጠይቅበትም። እኔ መጠየቅ ይገባናል ባይ ነኝ። በአሰላ፣ በጢዮ፣ በዲገሉና ጢጆ፣ በሙኔሳ፣ በሌሙና ቢልቢሎ፣ ባጠቃላይ በአርሲ ደጋ ማን ተወካይ እንደሚሆን ባብዛኛው የሚቆረጠው በዚያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ ዕጩ መሆን የሚፈልግ ሰው በዚያው የምርጫ ክልል በሚኖሩ የፓርቲው አባላት ፊት ቆሞ «ምረጡኝ» ሊል፣ ሊጠየቅና በምስጢር ድምፅ ሊለይ ይገባዋል። ይህን የምለው ለአንድ ፓርቲ አይደለም፤ በአርሲ ዕጩ ለሚያቀርብ ፓርቲ ሁሉ ነው።

በቁጥር እንጀምር። በግንቦት 2002 ዓ.ም. በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች የወቅቱ ገዢ ግንባር ኢሕአዴግ 499ኙን ወሰደ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ያዙ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 አገኘ። በኦሮሚያ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦፌኮና ኦነግ አባሎቻችንና አመራሮቻችን ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል ብለው በውድድሩ ስላልተሳተፉ፣ በብዙ የምርጫ ክልሎች የገዢው ፓርቲ ዕጩ ይህ ነው የሚባል ተፎካካሪ አልገጠመውም። ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ራሱን የቻለ ሰፊ ክርክር ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የምንይዘው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፤ አንድ ፓርቲ እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ በሚታወቅበት አካባቢ ዕጩውን የመረጠ ተወካዩን መርጧል። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ የሚያደርገው የተመረጠውን ማጽደቅ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስና በኩዊንስ የሚገኝ አንድ የምርጫ ክልል ለረጅም ዘመን የዴሞክራቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በፓርቲው የዕጩ መለያ ምርጫ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ የተባለች ወጣት ለሃያ ዓመት ገደማ ምክር ቤት የቆዩትን ጆ ክራውሊን 16,898 ለ12,880 አሸነፈቻቸው። ወደ 700 ሺህ ሕዝብ በሚኖርበት ክልል ነገሩን የቆረጡት ከ30 ሺህ ያነሱ ድምፅ ሰጪዎች ናቸው፤ ኅዳር ላይ የተካሄደው ዋናው ምርጫ ውጤቱን አልለወጠውም። ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እነዚያ 30 ሺህ ያህል ሰዎች የተወዳዳሪዎቹን ንግግር ሰምተው፣ ክርክራቸውን ተከታትለው መምረጣቸው ነው። በእኛም አገር የፓርቲ የውስጥ ድምፅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. አይተናል። 180 አባላት ከነበሩት የኢሕአዴግ ምክር ቤት 169ኙ ተገኝተው ሊቀመንበር ሲመርጡ ዐቢይ አሕመድ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ አገኙ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን እንደሚሆን የታወቀው በዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሚሊዮኖች ተሰልፈው የሰጡት ድምፅ ያላመጣውን ለውጥ የአንድ አዳራሽ ድምፅ አመጣው። ሆኖም ተፎካካሪዎቹ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ለአገሩ ሕዝብ ቀርቶ ለተራው የግንባሩ አባል እንኳ በአደባባይ አልተናገሩም።

ዕጩ ማን ይሁን የሚለውን የሚወስነው አካል ማንነት የገበሬውን ኑሮ ጭምር እንደሚነካ ደግሞ የአርሲ ታሪክ ከየትኛውም ምሳሌ በላይ ያስረዳል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ፓርቲ አልነበረም፤ ሰው በግሉ ይወዳደራል። ግን ለመወዳደር በምርጫው ክልል ውስጥ ንብረት ማስመዝገብ ግድ ነበር፤ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት። በዘመኑ የገንዘብ አቅም ይህ ማለት ጭሰኛው መምረጥ ይችላል፣ መመረጥ ግን ከቶ አይታሰብለትም ማለት ነው። አርሲ ደግሞ አራሹ በብዛት የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስበት አገር ነበር። ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ የሚያስችለው በር በንብረት ስለተዘጋ፣ አዲስ አበባ የገባው ምክር ቤት ባብዛኛው የባለመሬት ምክር ቤት ሆነ።

ውጤቱ የታየው በጭላሎ አውራጃ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ በአጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያ መጣ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘር መጣ፣ ብድር ተመቻቸ። ምርቱ አደገ፤ መሬቱም ዋጋ አወጣ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ግን ባለመሬቱ ከጭሰኛው ጋር ምርት ከመካፈል ይልቅ ትራክተር ገዝቶ ራሱ ማረስ እንደሚያዋጣው አየ፤ ለትውልድ የቆዩ ጭሰኞች ከማሳቸው ተነቀሉ። ለገበሬው ይጠቅማል ተብሎ የመጣ ልማት ገበሬውን አፈናቀለ። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ሥርዓት የሚያስይዝ ሕግ እንዲወጣ ስዊድኖቹም ይወተውቱ ነበር። ረቂቁ ምክር ቤት ገባ፤ ምክር ቤቱም አብዮቱ እስኪፈነዳ ድረስ ሳያጸድቀው ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ ሁሉ ክርክር በአንድ ቀን ተጠናቀቀ፤ ግን በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን በወታደራዊ መንግሥት አዋጅ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ዕጩ የሚሆነውን ሰው የሚያጣራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ መሬቱ የማን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ሊወስን ይችላል። የቀረቡት ሁሉ ባለመሬት ከሆኑ፣ መራጩ የፈለገውን ቢመርጥ የሚሄደው ባለመሬት ነው።

በደርግ ዘመን ነገሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልተሻሻለም። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫዎች ምርጫ ሲካሄድ ዕጩዎችን ያቀረቡት ገዢው ፓርቲ ኢሠፓና በእርሱ ሥር ያሉ የብዙኃን ማኅበራት ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ኢሕአዴግ ደግሞ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት በሚለው መርሕ ሲመራ ኖረ፤ ሕዋስ፣ መሠረታዊ ድርጅት፣ ከዚያ በላይ ያለው መዋቅር። ምልመላው መስፈርት ነበረው፤ ግምገማም ነበረ። ነገር ግን መስፈርቱን የሚያወጣውም፣ ነጥቡን የሚሰጠውም፣ ስሙን የሚያጸድቀውም የበላይ አካል ነበር። አባሉ ይጠየቅ የነበረው የቀረበለትን ሰው እንዲደግፍ እንጂ ከሁለት ከሦስት ሰው እንዲያማርጥ አልነበረም።

ሕገ መንግሥቱ ግን ከዚህ የራቀ ነገር ይጠይቃል። አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና መመረጥ መብት ሲደነግግ በመንግሥት ምርጫ ብቻ አይቆምም፤ በንዑስ አንቀጽ 3 በፖለቲካ ድርጅቶች፣ በሠራተኞችና በሌሎች ማኅበራት ውስጥ ለኃላፊነት የሚደረገውም ምርጫ ነጻና ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 54 ደግሞ የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይናገራል፤ መራጩ አመኔታ ሲያጣበትም በሕግ መሠረት ከቦታው እንደሚወገድ ይጨምራል። አሁን አንድ ሰው ከአርሲ ደጋ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ እንበል። ስሙን ያስገባው የበላይ ኮሚቴ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜም ሊያስቀረው የሚችለው ያው ኮሚቴ ከሆነ፣ ኅሊናውና ኮሚቴው በተጋጩ ቀን ወዴት እንደሚያደላ ለመገመት አያስቸግርም። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ውለታው ለማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ዕጩነቱን ያገኘው ከሳጉሬና ከበቆጂ፣ ከኢተያና ከአሰላ አባላት ቢሆን ግን ውለታውም ወደዚያው ይዞራል።

እንግዲህ ዕጩው በአባላት ፊት ሲቆም ምን ሊናገር ነው? በጠቅላላ ምርጫ ቅስቀሳ ዕጩው የፓርቲውን ፕሮግራም ያስተዋውቃል። በፓርቲው አባላት ፊት ግን ፕሮግራሙ አንድ ስለሆነ በእርሱ ሊለይ አይችልም፤ ሊለይ የሚችለው አካባቢውን በማወቁ፣ በሠራው ሥራና ምክር ቤት ቢገባ ምን እንደሚጠይቅ በዝርዝር በመናገሩ ነው። ንግግሩን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው። «ልማት አመጣለሁ» ቢል አጠገቡ የተቀመጠው ተፎካካሪም ያንኑ ብሏል።

ስንዴን እንውሰድ። አርሲ የስንዴ አገር ነው፤ በአሰላና በኢተያ መካከል ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም የአገሪቱ የስንዴ ምርምር እምብርት ነው። እንዲህም ሆኖ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የሚባለውን፣ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ዘር መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዘር ዞረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ዲገሉን በባሌና በአርሲ አጠፋው። አንድ ዘር ብዙ ማሳ ሲሸፍን በሽታው አንዴ በሩን ካገኘ የሚያቆመው የለም፤ ስለዚህ ገበሬው እጅ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ተተኪ ዘር መድረስ አለበት። ይህ የምርምር በጀትና የዘር ብዜት ጉዳይ ነው፤ ቁሉምሳ በፌዴራል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ስለሆነ በጀቱን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለዚህ ምክር ቤት ዕጩ መሆን የሚሻ ሰው «ባለፉት ዓመታት ለተተኪ ዘር ብዜት ምን ተደረገ? አንተስ በበጀት ክርክሩ ምን ትጠይቃለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ ካልቻለ፣ አባላቱ አዲስ አበባ ሳይልኩት በፊት ቢያውቁት ይሻላል። ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ከውጭ የሚገዛው በፌዴራል ደረጃ ነው፤ ወደ ገበሬው የሚያደርሱት ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት ናቸው። ከዘገየ የዘገየው የትኛው ላይ እንደሆነ ዕጩው ለይቶ መናገር አለበት። በአንጻሩ ለፌዴራሉ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም የገጠር መንገድ እሠራለሁ ብሎ ቃል ቢገባ፣ በጨፌ ኦሮሚያና በወረዳ ምክር ቤት ሥልጣን ውስጥ ባለ ነገር እየማለ ነውና ሊታረም ይገባዋል።

ከዚህም ዝቅ ብሎ የሚጠየቅ ነገር አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስንዴው ደርሶ ኮምባይነር ሲጠበቅ በየመንገዱ ዳር ምን እንደሚሆን የአርሲ ሰው ያውቀዋል። ባለ ኮምባይነሩ የሚያስከፍለው በኩንታል ነው። ማሳቸው ሰፊና ለጥ ያለ፣ ከመንገድ የቀረበላቸው ቀድመው ያሳጭዳሉ። ማሳው ጠበብ ያለ፣ ተዳፋት ላይ ያለ ገበሬ ደላላ ይለምናል፤ ሰማዩ ሲዳምን ዋጋው ይወጣል፤ ዝናብ ከጣለበት ደግሞ የደረሰው እህል ራሱ ላይ ይበቅላል። ይህን ችግር ፓርቲው በፕሮግራሙ ላይ አይጽፈውም። በበቆጂ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር እጁን የሚያወጣ አባል ግን ይጠይቀዋል። የማኅበራት የኮምባይነር ግዢ፣ የመለዋወጫ ቀረጥ፣ የሊዝ ብድር ምን ላይ እንዳለ መልስ የሚሰጥ ዕጩና «እናየዋለን» የሚል ዕጩ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ማንም ሳያስረዳ ይታያል። እንዲህ ያለውን ማበጠሪያ ከላይ የተቀመጠ ኮሚቴ፣ አባላቱ የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ ሊተካው አይችልም፤ ጥያቄውን የሚያውቀው ባለማሳው ነውና።

አካሄዱ ውስብስብ መሆን አያስፈልገውም። በምርጫ ክልሉ የተመዘገቡ አባላት ዝርዝር ከወር በፊት ይለጠፋል፤ ስሙ የጠፋበት ያመለክታል። ተወዳዳሪዎቹ በየወረዳው ከተማ በአንድ መድረክ፣ በእኩል ደቂቃ፣ በአፋን ኦሮሞና እንደ ታዳሚው በአማርኛ ይናገራሉ፤ ይጠየቃሉ። በድምፅ መስጫው ቀን አባሉ በመጋረጃ ጀርባ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሳጥኑ የሚከፈተው እዚያው ታዳሚው ፊት ነው። አንዱ ወረቀቱን ዘርግቶ ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በየስሙ አንጻር በጠመኔ ይጭራል፤ አራት ቁም፣ አምስተኛው አግድም። መጨረሻ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ወኪሎች ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማሉ፤ አንድ ቅጂ በር ላይ ይለጠፋል። ዕድሮችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዘመናት አመራራቸውን ሲመርጡ ይህን ያህል ሥርዓት ለመጠበቅ አቅም አላነሳቸውም።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል አይደሉምና ሳይድበሰበሱ መመለስ አለባቸው። መጀመሪያ የሚነሳው የአንድነት ጉዳይ ነው። በአገራችን ፓርቲ ሲከፋፈል ኖሯል፤ አባላትን እርስ በርስ ማወዳደር እሳቱ ላይ ጭድ መጨመር ነው የሚሉ አሉ። የኬንያን አብነት ሊጠቅሱም ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 የጁብሊ ፓርቲ የዕጩ መለያ ምርጫ የድምፅ መስጫ ወረቀት አልቆ፣ ትርምስ ተፈጥሮ በበርካታ አውራጃዎች እንደገና መካሄድ ነበረበት። ቦትስዋናም አለች፤ ለረጅም ዘመን የገዛው ፓርቲ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ምርጫ በፊት «ቡሌላ ዲትስዌ» ያለውን የአባላት መለያ ምርጫ ሲጀምር፣ የተሸነፉ ሰዎች አኩርፈው በግል እየተወዳደሩ ፓርቲውን አስቸግረውታል። እነዚህ እውነት ናቸው። ግን ምክንያታቸውን እንይ። የኬንያው ችግር የመጣው ሰው ከተገመተው በላይ በመምጣቱ ነው፤ መፍትሔው ወረቀቱን ማብዛት እንጂ ሰዉን መከልከል አይደለም። ማኩረፍም ቢሆን ኮሚቴ በሚመርጥበት ፓርቲ አይቀርም። ድምፅ ተቆጥሮ የተሸነፈ ሰው ቅሬታው ከቁጥሩ ጋር ነው፤ በዝግ በር የተጣለ ሰው ግን ቅሬታው ከጓዶቹ ሁሉ ጋር ነው። የራሳችንን አገር ኢዜማን ብንወስድ፣ ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ምሥረታው ጀምሮ አደረጃጀቱን በምርጫ ወረዳ ላይ ያቆመ ፓርቲ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ብርሃኑ ነጋና አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት ተወዳድረው በጉባኤ ድምፅ ተለይተዋል። በ2015 ዓ.ም. የቀድሞው ሊቀመንበር የሺዋስ አሰፋን ጨምሮ በርካታ አባላት ፓርቲውን ለቀቁ። ሆኖም የለቀቁት ፓርቲው ከመንግሥት ጋር በያዘው አቋም ባለመስማማት እንደሆነ ተናግረዋል፤ ያ ልዩነት ድምፅ ባይሰጥም ይፈነዳ ነበር።

ሁለተኛው የገንዘብ ነው። በጋና ፓርቲዎች ዕጩ የሚመርጡት በተወካዮች አማካይነት ሲሆን ተወካዮቹን በገንዘብና በስጦታ መግዛት የታወቀ በሽታ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤንዲሲ የሚባለው ፓርቲ አሠራሩን ለውጦ ለተመዘገቡ አባላቱ ሁሉ ድምፅ የመስጠት መብት ሰጠ፤ መቶ ሰው መግዛት የሚቻለውን ያህል መቶ ሺህ ሰው መግዛት አይቻልም በሚል ሐሳብ። በዓመቱ ፓርቲው ጠቅላላውን ምርጫ መሸነፉን የሚያነሱ አሉ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የኑሮ ውድነቱና የመብራት መቆራረጡ ሕዝቡን አስመርሮ እንደነበር መርሳት አይገባም። ከጋና የምንማረው ጉቦ ጥቂት ሰው በሚወስንበት ቦታ ርካሽ እንደሚሆን ነው። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው።

ሦስተኛውን በጥንቃቄ እናገራለሁ። አርሲ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮሞውና ሌላው ተዋልዶና ተሳስቦ የሚኖርበት አገር ነው፤ በመካከሉ የሚያስለቅስ ጊዜም አልፏል። ዕጩ በአደባባይ ከተወዳደረ ሰው በጎሳና በሃይማኖት ይሰለፋል የሚለው ሥጋት ከዚህ ይመነጫል። እኔ ግን የዝግ ምልመላ ይህን ሲያጠፋው አላየሁም፤ ያዳፍነዋል እንጂ። ስም ዝርዝሩ በወጣ ማግስት «ይሄ የነእንትና ነው» የሚለው ሐሜት የሚነግሠው ማን እንዴት እንደተመረጠ ስለማይታወቅ ነው። በአደባባይ የሚናገር ዕጩ ከአንድ ወገን ብቻ ድምፅ ፈልጎ ሁሉን ካስቀየመ በሰፊው የምርጫ ክልል ይሸነፋል፤ ስለዚህ ሁሉንም ለማግባባት ይገደዳል። ለዚህ ሲባል አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ መደንገግና ካልሆነ ሁለቱን ዳግም ማወዳደር ተገቢ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ እኔንም የሚያሳስበኝ ነው፤ የሴቶች ጉዳይ። የ2007ቱ ምክር ቤት ከ547 አባላት 212ቱ ሴቶች ነበሩ፤ 38.8 በመቶ። ይህ የሆነው ፓርቲው ከላይ ስለወሰነ ነው፤ ውድድሩ ቢከፈት ገንዘብም ጊዜም የሌላት ሴት ትሸነፋለች ይባላል። ሐቅ አለበት። ሆኖም ውድድርንና ኮታን ማጋጨት አያስፈልግም። የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ በተወሰኑ የምርጫ ክልሎች ለዕጩነት የሚቀርቡት ሴቶች ብቻ እንዲሆኑ ደንግጎ፣ ከሴቶቹ መካከል የመምረጡን ሥልጣን ግን ለአካባቢው አባላት ተወ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከፓርቲው 101 ሴቶች ምክር ቤት ገቡ። በአርሲ የሲንቄ ሥርዓት ሴቶች በትራቸውን ይዘው ሲወጡ ጠብ የሚያቆሙበት፣ በደልን የሚያስክሱበት ባህል ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን የለመደ ማኅበረሰብ ሴት ዕጩዎች ቆመው ሲከራከሩ አይበረግግም። የገዳ ሥርዓትም ቢሆን መሪ ቀርቦ የሚመዘንበት፣ በቦረና በጉሚ ጋዮ ጉባኤ የሚገመገምበት፣ አባ ገዳውም ካጠፋ ዘመኑ ሳያልቅ በ«ቡቂሱ» የሚነሳበት ሥርዓት ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 መዝግቦታል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ እዚሁ አሉ።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ አልመልሰውም። የገዢ ፓርቲ አባል ብዙው የገባው ለሥራ፣ ለዕድገት፣ ለብድር ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ አባል ድምፁን የሚሰጠው አለቃው ለጠቆመው ነው ይላሉ። በተቃዋሚው በኩል ደግሞ ጽሕፈት ቤት የሌለው፣ አባሉ ስሙ እንዲታወቅ የሚፈራ ፓርቲ የአባላት ዝርዝር ለጥፎ እንዴት ያወዳድር? የመጋረጃው ጀርባ ከአለቃ ዓይን ይሸሽጋል፤ ከፍርሃት ግን ወዲያው አያድንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ውድድር የተሟላ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ሆኖም አለቃው የጠቆመው ሰው 70 በመቶ ብቻ ማግኘቱ ጠመኔው ላይ ከታየ፣ 30 በመቶ አባላት ሌላ ሐሳብ እንዳላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ያውቃል፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ያውቃሉ። ተቃዋሚውም ዝርዝሩን ለሕዝብ ሳይለጥፍ፣ በተወዳዳሪዎቹ ወኪሎች ብቻ እያስመረመረ መሥራት ይችላል።

እናንተ የፓርቲ አባል የሆናችሁ አድማጮች አሁኑኑ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። እያንዳንዱ የተመዘገበ ፓርቲ መተዳደሪያ ደንቡን ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ያስገባል። ደንቡን ከወረዳ ጽሕፈት ቤታችሁ ጠይቁና ስለ ዕጩ አመራረጥ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። ስም የሚያቀርበው ማን ነው? ድምፅ የሚሰጠው የምርጫ ክልሉ አባል ነው ወይስ የበላይ ኮሚቴ? ድምፁ በምስጢር ነው? የበላይ አካል የአባላቱን ምርጫ መሻር ይችላል? ከቻለስ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል? አንቀጹ ዝም ያለበት ቦታ ካለ ማሻሻያው የሚቀርበው ለጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ወደ ጉባኤ የሚላኩትን የአርሲ ተወካዮች የምትመርጡትም እናንተው ናችሁ።